ውሃው በግንቦት ይለካ

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 17 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለአሳዳጊዬ ለመምሬ ወልደ ኪዳን፤

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ እትዬ ደመቀችስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከአርባ ምንጭ ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ ተመስገን። ደውዬ ድምፅዎን ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር። ባለፈው ግን «ፈተና ጨረስኩ» ስልዎ «ማን ሞተ?» ብለው ቤቱን ስላሸበሩት፣ ለጆሮዎ ወረቀት ይሻላል ብያለሁ። ይህንንም እንደ ልማዳችን ከወልድያ ፍላቂት ሚኒባስ የሚነዳው ሹፌራችን እንዳለው ያደርስልዎታል።

ዋናው ወሬዬ ስለ ሥራ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ግቢያችን ውስጥ የሥራ ዐውደ ርዕይ አለ፤ ድርጅቶች ድንኳን ተክለው ተመራቂ የሚመርጡበት ገበያ በሉት። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ድርጅት ሰው ልኮ በአዳራሽ ገለጻ ያደርጋል። ምን እንደሚሠራ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ይናገራል። ገለጻውን ያልሰማ ተማሪ በዐውደ ርዕዩ ቀን ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ዐይኑን ሲያቁለጨልጭ ይውላል ስለሚባል፣ እኔና የዶርም ጓደኛዬ እምነት አንዱም አይቀርብንም።

መጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካ መጣ። ከረባት ያሰረ ወጣት «በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል እንፈልጋለን» ሲል አዳራሹ በሙሉ አጎንብሶ ጻፈ። ቀጥሎ ባንክ መጣ፤ «ከማንኛውም ትምህርት ክፍል» ስላለ መቆሚያ ጠፋ፣ ኮፍያ ሲታደልማ በር ተሰበረ። ሦስተኛው ወርቅ ፈላጊ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ሴቶች ይበረታታሉ» ይላል። እኔም ተነሥቼ፣ በረሃ ካምፕ ስንወጣ ሴቶች የት እንደሚያድሩ ጠየቅኩ። ወንዶቹ ሳቁ፤ ሰውዬው «ወደፊት ይታሰብበታል» አለኝ። ስቀመጥ እምነት በጆሮዬ «ተበረታታሽ?» አለችኝ።

የምፈልገው ጸሎትዎን ብቻ ነው። ጂኦሎጂ ድንጋይ መቁጠር ነው ወይ ላሉኝ፣ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ውሃ ማወቅንም ይጨምራል።

ቡራኬዎን የምትጠብቅ፣ ልጅዎ ትሕትና


ከፍላቂት በላይ፣ መጋቢት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፤ ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት አገር ይድረስሽ፤ ከክፉ ዐይንና ከክፉ ባልንጀራ ይሰውርሽ።

ደብዳቤሽን እንዳለው ገበያ መሐል ሰጥቶኝ እዚያው ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አነበብኩት። «ማን ሞተ» ያልኩትን ግን ለሰው እንዳታወሪ። እኛ ደህና ነን። በየቀኑ ቅዳሴ ስላለ እህል የምንቀምሰው ከሰዓት በኋላ ነው። በሬው እግሩን አሞት ነበር፣ ተሻለው። ገብሱን ወቅተን አስገብተናል፤ ከአምናው ያንሳል።

ስለ ገለጻው የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኋላ አትቀመጪ። ስምሽን ሲጠይቁሽ እስከ አያትሽ ተናገሪ። የላስታ ልጅ መሆንሽንም አትደብቂ፤ አያሳፍርም። ደግሞ የታሸገ ውሃ የሚሠራ ድርጅት የመጣ እንደሆነ እሱ እንዳይቀርብሽ። የወርቁንና የሲሚንቶውን ተዪው። ውሃ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ማደሪያ አያስቸግርም፤ ምናልባትም ላሊበላ ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ፤ ለገናም፣ ለጥምቀትም እንገናኛለን። ይህን የምልሽ እንዲያው በሐሳቤ ነው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። አብሽሪ፣ አምላክ ያውቅልሻል።

አጎትሽ ቄስ ወልደ ኪዳን


አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምሬ፤ ሕማማቱን በሰላም ያሳልፍልዎ፣ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።

አፍዎ ትንቢት አለው መሰለኝ፤ የውሃው ድርጅት መጣ። «ጠለ ላስታ» ይባላል፤ ገና ሊጀምር ነው። ከፊት ተቀመጥኩ። ገለጻ ያደረገው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ረጋ ብሎ ይናገራል፤ እንደ ሌሎቹ ኮፍያ በመስጠት አላታለለንም። መጀመሪያ የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ አሳየን። በላሊበላ ሆቴሎች የሚጠጣው ውሃ ሁሉ ከሩቅ በመኪና እንደሚመጣ፣ እነሱ ግን እዚያው ከደጋው ቀድተው እንደሚያቀርቡ ነገረን። ከዚያ ውሃው የሚቀዳበትን ምንጭ አሳየን።

መምሬ፣ የእኛ ምንጭ ነው። ጥድ ሥር የምንለው ነው። አለቱ ያው ነው፤ በግራ በኩል ጎረቤታችን ደባሱ ያጠረው የድንጋይ አጥር እንኳ ይታያል። ከፎቶው በታች «ማንም የማይጠቀምበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ» ይላል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ግንቦት ነው። በግንቦት ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ፣ እኔና እትዬ ደመቀች ጀሪካናችንን በተራ አሰልፈን፣ ዝናብ እስኪመጣ ከሴቱ ሁሉ ጋር ስንጨቃጨቅ የነበረውን አስታወስኩ። ሰውዬው መጨረሻ ላይ «ከመካከላችሁ የላስታ ልጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እምነት በክርኗ ጎሸመችኝ። እኔ ግን እጄን አላነሣሁም። ሥራ ፈላጊ ነኝና ፈርቼ ይሆናል፤ ወይም ብነሣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

እባክዎ ይንገሩኝ፤ ሰዎች መጥተው ምንጩን አይተውት ነበር? አገሩ ምን አለ? ደግሞ እትዬ ደመቀች ባለፈው ደብዳቤ ሰላምታ አልላኩልኝም። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ያስጽፉልኝ ነበር፤ ሽሮ ልላክላት ወይ፣ ከሳች ወይ፣ ባል አገኘች ወይ ይሉ ነበር። አሟቸው እንደሆነ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ትሕትና


ከፍላቂት በላይ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፤ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እንኳን አደረሰሽ።

ፋሲካን በደህና ውለናል። ደመቀች ደህና ናት፤ ሥራ ይበዛባታል። የምንጩን ነገር ለእኛ ተዪው። ወደ ደጋ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው፤ አንዱ ፎቶ ያነሣል፣ አንዱ ይለካል፣ ይሄዳል። አንቺ የራስሽን ጉዳይ እዪ። በዐውደ ርዕዩ ቀን መጀመሪያ ወደ አቶ ደጀን ጠረጴዛ ሂጂ። ስምሽን ንገሪው። ብዙ አትጠይቂ።

የበዓሉ ሰው ቤት ስለሞላ አሳጥሬ ጻፍኩ።

አጎትሽ ቄስ ወልደ ኪዳን


አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ወልደ ኪዳን፤ ከእግርዎ በታች ሆኜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የምጽፈው ነገር ቢከብድዎ ይቅር ይበሉኝ። የውሃውን ሰው ስም እኔ አልጻፍኩልዎትም ነበር። «አቶ ደጀን» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

ዐውደ ርዕዩ ኳስ ሜዳው ላይ ተደረገ። ነፋስ ድንኳኑን እያርገበገበ፣ ተማሪው ሲቪውን በፕላስቲክ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። እኔ ወደ ጠለ ላስታ ሄድኩና ስሜን ተናገርኩ። አቶ ደጀን ከወንበሩ ተነሣ።

«የመምሬ ወልደ ኪዳን እህት ልጅ አንቺ ነሽ? በገለጻው ቀን ፈልጌሽ ነበር እኮ» አለኝ። እጄን ያላነሣሁ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። አልተቀየመም። ላሊበላ ላይ የውሃውን ጥራት የሚከታተልና ከአገሬው ጋር የሚያገናኝ ሰው እንደሚቀጥሩ፣ ቦታው ለእኔ እንደተቀመጠ ነገረኝ። ከእምነት የሚያንስ ነጥብ ይዤ ስለምን ለእኔ ብዬ ጠየቅኩት። «አጎትሽ ናቸው አገሩን ያስማሙልን። ሽማግሌው ሁሉ ሲያቅማማ መጀመሪያ እሺ ያሉት እሳቸው ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን ቅጠሩልኝ አሉ» አለኝ። ይህን ያለው በክፋት አይደለም፤ የሚያስደስተኝ መስሎት ነው።

እኔም ምንጩን በየትኛው ወር እንደለኩት ጠየቅኩት። በጥቅምት ነው አለ። በጥቅምት፣ ክረምቱ ገና ከአለቱ ሳይወጣ! «በግንቦት ለኩት፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገር» አልኩት። የባንክ ብድሩ እንደተፈቀደ፣ ጊዜ እንደሌለው፣ ቦታውንም ሌላ ሰው እንደሚፈልገው አስረዳኝ። ሲቪዬን አልሰጠሁትም። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ያበድኩ መሰላቸው፤ እምነትም ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

መምሬ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያበሉኝና ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ውሃው የእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ እግርዎን ስሜ ሥራውን በተቀበልኩ። ግን የሁሉም ነው። የሰላምታ መቅረትም አሁን ይገባኛል። እትዬ ደመቀች እሺ ብለው ነበር?

ልጅዎ ትሕትና


ከፍላቂት በላይ፣ ሰኔ 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፤ የአባቶቻችን አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። አንብቤ ዳዊቴ ሥር አስቀመጥኩት። ብዕር ይዤ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ፤ የሚመጣልኝ ሁሉ ቁጣ ስለነበረ ተውኩት። ቄስ ተቆጥቶ የጻፈው ነገር አይጠቅምም።

ልጅን ለማስቀጠር ደጅ ያልጠና አባት አሳዪኝ። ሰው ሁሉ ይለምናል፤ አንዱ በዘመዱ፣ አንዱ በፓርቲ አባልነት። እኔ ዘመድም አባልነትም የለኝም። የነበረኝ ቃሌ ብቻ ነው፤ አገሩ ቃሌን ይሰማል። አንቺን አስቤ ቃሌን ሰጠሁ። ተምረሽ ቤት ከምትቀመጪ ትንሽ ውሃ ቢቀንስብን ይሻላል አልኩ። ይህን ዛሬም በፊትሽ እናገረዋለሁ።

ደመቀች እሺ አላለችም። እሺ ያልኩ ዕለት «የሸጥከውን ውሃ አልጠጣም» አለችኝና ጀሪካኗን አንሥታ እስከ ታችኛው ወንዝ ወረደች። ያ ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ግንቦት ድረስ እዚያ ነው የቀዳችው። ቁልቁለቱን ታውቂዋለሽ። እህል ታቀርብልኛለች፤ ሌላ ቃል ግን አልነበረንም። ላንቺ ሰላምታ ጻፍ ስትለኝ ደግሞ አብራ የምታስጽፈውን ስለማውቀው አልጻፍኩም።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። በግንቦት አጋማሽ አቶ ደጀን ራሱ በመኪና መጣ፤ አንድ መሐንዲስና የመለኪያ ዕቃ ይዞ። ለማንም አልነገረም። ደባሱ ጠርቶኝ ስወርድ ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው እንደ ክር ሆኗል፤ ሴቱ ተሰልፏል። ደመቀችም የዚያን ዕለት እግሯን አሟት ከወንዙ ቀርታ ሰልፉ ውስጥ ነበረች። መሐንዲሱ ሊለካ ዕቃውን ቢደግን ሴቶቹ ተራችንን አትውሰድብን አሉት። እሱም ተራ ያዘ። ተራው ሲደርስ ለካ፤ ከአቶ ደጀን ጋር ተያዩ። አቶ ደጀን ወደ እኔ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጮኾ «አባቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። አልጠየቅከኝም አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ ቢሆንም ሳልነግረው የቀረሁት ስላልጠየቀኝ ብቻ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም አወቀ።

እነሱ ሌላ ቦታ ሊፈልጉ ሄዱ። እኔም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩን አስቁሜ፣ የሰጠሁትን ቃል አንሥቻለሁ አልኩ። ሴቱ መረቀኝ። ደባሱ ግን ፋብሪካው ሲመጣ ዘበኛ ሊሆን ተስፋ ተሰጥቶት ነበር፤ መሬቱ ቁራሽ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ እጅ መስቀል አይሳለምም። ቤቱ ሄድኩ፤ ሚስቱ አስገባችኝ፤ እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። የሚበላው ያጣ ሰው ነው፤ ምን እለዋለሁ?

ደመቀች «ከስታ እንደሆነ ትንገረኝ፤ ሽሮውን በእንዳለው ልኬላታለሁ» ብላሻለች። ሥራውስ? ሌላ አገኘሽ ወይ?

አጎትሽ ቄስ ወልደ ኪዳን


አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ወልደ ኪዳንና ለእትዬ ደመቀች፤

ተመርቄያለሁ። ጋውኑን ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። የከሳሁት ፎቶው ላይ ብቻ ነው፤ ሽሮውን ለእምነትም አካፍዬ በልተናል፣ ታርቀናልም።

ስለ ቁጣዎ የጻፉልኝን አንብቤ አለቀስኩ። እኔ በእርስዎ ልፈርድ አልችልም። ደባሱንም እያሰብኩ አዝናለሁ፤ እኔ ያልኩት ነገር የሰው እንጀራ ዘጋ።

ሥራ አግኝቻለሁ። ዐውደ ርዕዩ ካለፈ በኋላ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት ዘግይቶ መጣ። የፈተና ሰሞን ስለሆነ አዳራሹ ባዶ ነበር፤ እኔ፣ ሁለት ወንዶች፣ ከኋላም ሊተኛ የገባ አንድ ልጅ። ገለጻ ያደረገው አረጋ የሚባል የቁፋሮ ኃላፊ ነው። ስላይድም አልነበረውም። መጀመሪያ የነገረን የሥራውን ክፉ ክፉ ነው፤ በረሃ ነው፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ብዙ ቆፍራችሁ ደረቅ ወይም ጨዋማ ታገኛላችሁ፣ ሰዉ እናንተን ይረግማል አለ። ሁለቱ ወንዶች ወጡ። እኔ ሴቶች የት እንደሚያድሩ ጠየቅኩት። «እስካሁን የመጣች ሴት የለችም፤ ካምፑ አንድ ድንኳን ነው። ከመጣሽ ሁለት ይሆናል» አለኝ።

ፈርሜያለሁ። ወደ ሽንሌ በረሃ ነው የምንሄደው፤ ከድሬዳዋ ወዲያ። ላሊበላ እንድቀርብ መፈለግዎን አውቃለሁ፤ እኔም ፈልጌ ነበር። መጥቼ እንዳልሰናበትዎ መኪናው በዚህ ሳምንት ይነሣል። ይባርኩኝ።

ልጅዎ ትሕትና


ከፍላቂት በላይ፣ ኅዳር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፤ በረሃውን እንደ ጥላ ያድርግልሽ።

ፎቶሽን ደመቀች ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ሰቅላዋለች፤ እኔ ከፍ ብሏል ብያት ነበር፣ አልሰማችኝም። ክረምቱ ዘንድሮ ጨክኖብናል። ገብሱ ሳያፈራ ቀረ፤ የእርዳታ ስንዴ ፍላቂት ላይ ይታደላል እየተባለ ሰው ይወርዳል። ጥድ ሥር ከወዲሁ እንደ ግንቦት ሆኗል። ቢሆንም ይወርዳል፤ እስካሁን አልነጠፈም። ደባሱ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ወርዷል። ሲሄድ አልተሰናበተኝም። ለሚስቱ ከስንዴው ስናደርስላት ትቀበለናለች።

ካንቺ ወሬ ካጣሁ ሰነበትኩ። እዚያስ ውሃ አገኛችሁ? እውነቱን ጻፊልኝ፤ ሽማግሌ ነው ብለሽ አትሸፋፍኚ።

አጎትሽ ቄስ ወልደ ኪዳን


ከሽንሌ ወዲያ፣ ጥር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምሬ ወልደ ኪዳን፤ ከበረሃ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንኳን ለጌታችን ልደት አደረስዎ። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም፤ ከዚህ ወደ ከተማ መኪና የሚወጣው ሲገኝ ነው።

እውነቱን ጻፊልኝ ስላሉኝ የሰሞኑን ልንገርዎ። አንድ መንደር ዳር ለረጅም ጊዜ ስንቆፍር ከረምን። ከብቱ በየመንገዱ ወድቋል። ሰዉ ግን እኛን ተስፋ አድርጎ መሣሪያው አጠገብ ሰፈረ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከቱቦው ጀምረው አሰለፉት። ውሃ ሲወጣ እልል ተባለ። እኔ ቀድቼ መረመርኩት። ጨው ነው፤ ለከብት እንኳ አይሆንም።

አረጋ «የመረመርሽው አንቺ ነሽ፤ የምትነግሪያቸውም አንቺ ነሽ» አለኝ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ሌላ መሣሪያ ይዘን እንመለሳለን በያቸውና እንሂድ፣ ካልሆነ ይጣሉናል አለኝ። እኔም በአስተርጓሚ ለሽማግሌያቸው፣ ሸዕባን ለሚባሉት፣ «ውሃው ለሰውም ለከብትም አይሆንም። ተመልሰን የምንመጣም አይመስለኝም» አልኳቸው። እልልታው ቆመ። አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካኗን አነሣችና ቀና ብላ አየችኝ። ያን ዐይን አልረሳውም።

 ሽማግሌው ግን እንዲህ አሉ፦ «ከእናንተ በፊት የመጡት ሁሉ እንመለሳለን ብለውናል። እነሱን ስንጠብቅ ከብቶቻችን አለቁ። አንቺ ቁርጡን ነገርሽን፤ ዛሬውኑ ሩቅ ወዳለው ወንዝ እንነሣለን።»

ከሰዓት በኋላ ግመሎቹን ጭነው ተነሡ። የቀሩትን ፍየሎች እየነዱ፣ ሕፃናቱን ከጭነቱ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ወንዙ ጋ በሰላም መድረሳቸውን ትናንት ከአንድ ሹፌር ሰማን።

እኛም ቱቦውን እየነቀልን ነው። ነገ ሌላ ቦታ እንቆፍራለን። ስለዚያኛው ቦታ የማውቀው ገና የለም።

ልጅዎ ትሕትና